ካሜራው ያላየው ጠዋት

ወረቀቱ ከማተሚያው ማሽን ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ ኮረብታው፣ መጨረሻ ላይ ሐይቁ። ከማሽኑ አጠገብ የቆመችው ልጅ ሰማዩን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። ሐይቁ ሲወጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ፎቶው ሰማያዊ ነበር። ሰማዩ ብቻ ሳይሆን ሣሩም፣ ድንጋዩም፣ ውኃው ላይ የተኛው ጭጋግም የታመመ ሰው ከንፈር መስለው ነበር።

«ምነው ዓይናማ?» አሉ ጋሼ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ።

ጋሼ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ናቸው። «ዓይናማ» የሚለውንም ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ሥራ ልትጠይቅ የመጣች ቀን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው «የትኛው ነው ነጩ?» ቢሏት «ሁለቱም አይደሉም» ብላ መለሰች። በዚያው ቀጠሯት፤ ስሙም በዚያው ተለጠፈባት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በዚህ ቤት የሚታተም ፎቶ ሁሉ ቀለሙ በእሷ እጅ ሳያልፍ አይወጣም።

«ማሽኑ ተበላሽቷል፤» አለች።

«ማሽኑ ምን አለበት! አሁን የሙሽሮቹን አልበም አተምኩበት አይደል? የሙሽራውን ላብ እንኳ አልማረውም።»

ሳትመልስላቸው ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች። ፎቶውን ከፈተችው። ጠዋት ነው፤ የመስኮቱ መጋረጃ ተገልጧል፤ ስክሪኑ ላይም ያው ነው፤ ሰማያዊ። ትናንት ማታ ወርቅ ሆኖ የተለየችው ፎቶ ሌሊቱን ደሙን ያፈሰሰ መሰላት። ከዚያ ዓይኗ ከስክሪኑ ግርጌ ያለች አንዲት ትንሽ ምልክት ላይ አረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሯ ላይ ዓይን ማሳረፊያ አለ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በራሱ ጊዜ ይበራና ስክሪኑን ወደ ቢጫ ያዘነብለዋል። ዓይኗ እንባ እያወረደ ባስቸገራት ሰሞን ነው እንዲህ እንዲሆን ያደረገችው፤ ቀን ቀን ስለማይበራ ረስታዋለች። ጉርድ ፎቶውን፣ የሠርጉን፣ የምርቃቱን በቀን ነው የምትሠራው። ይህን አንዱን ፎቶ ግን ለብቻዋ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ለራሷ እንደምትበላው ጣፋጭ ነገር ለመጨረሻ እያስቀመጠች ነበር የምትሠራው። ስክሪኑ ቢጫ ስለሆነባት ቢጫውን ከፎቶው ላይ እየቀነሰች፣ ሰማያዊ እየጨመረች፣ «አሁን ልክ መጣ» ብላ እጇን ያነሳች ቀን ያ ሁሉ ሙቀት የስክሪኑ ነበር እንጂ የፎቶው አልነበረም።

ይህንኑ ፎቶ ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ልካለታለች። ለእሱ። ያን ጠዋት አብሯት ለነበረው ብቸኛ ሰው።

እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ አማራት፤ እንባው ግን እሺ አላለም።

*

እሱ መሐንዲስ ነው። ፎቶ ቤቱ ምድር ቤቱን የተከራየበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የእናቱ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ከሐይቁ በላይ ያለው ኮረብታም የእናቱ ነው። የእሷ እናት ሹራብ እየሠራች ነው ያሳደገቻት፤ ቤታቸው ሁለት ክፍል ሆኖ አንደኛው በክር ኳስ የተሞላ ነው። መሐንዲሱ ደረጃውን ሲወርድ በፎቶ ቤቱ መስታወት አሳልፎ ያያታል፤ እሷም አላየሁህም ብላ ታያለች። ይህ አንድ ዓመት ሙሉ ቀጠለ። ጋሼ ብቻ «ይሄ ልጅ የኛን መስታወት ሊገዛው ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ ቀን እናቱ ኮረብታው ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሊያስገነቡ አሰቡና ቦታው ገና በጠዋቱ ፎቶ ይነሣልኝ አሉ። ሥራው ለጋሼ ተሰጠ። ጋሼ ከኮረብታው ግርጌ ሲደርሱ ጉልበታቸው «እምቢ» አለ። «እናንተ ወጣቶች ውጡ፤ እኔ እዚህ ሆኜ ፀሐይዋን እቆጣጠራለሁ፤» ብለው መኪናው ውስጥ ተቀመጡ።

ሁለቱ ብቻ ወጡ። እሱ የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክሞ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ብዙም አላወሩም። ድንጋይ ሲያዳልጣት እጁን ይዘረጋል፤ እሷ ትይዘዋለች፤ ካለፉ በኋላ ትለቀዋለች፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ መልቀቁ ትንሽ ትንሽ ይዘገያል።

ከላይ ሲደርሱ ሐይቁ አልነበረም። ጭጋግ ሸፍኖታል። ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ፀሐይዋ ከማዶው ተራራ ጀርባ ሳትወጣ ብርሃኗን ቀድማ ላከችና ጭጋጉን ከውስጥ አበራችው። ብርሃኑ ቢጫ አይደለም፤ ቀይም አይደለም። ዝም ብሎ በሁሉም ነገር ላይ ተኛ፤ በሣሩ፣ በድንጋዩ፣ በእጃቸው ጀርባ ላይ። ወፍ እንኳ የጮኸች አይመስላትም፤ ወይ ጮኻ እሷ አልሰማቻትም። ነፋሱ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ አውለበለበው። መሐንዲሱ ዘወር ብሎ አያት፤ ስለ ሻርፑ አንድ ነገር አላት፤ ሳቀች። እሷ እየሳቀች እሱ ካሜራውን ተጫነ።

ፎቶውን ከካሜራው ጀርባ ሲያዩት አመድ ሆኗል። ከግራ ጥጉ ደግሞ የሻርፑ ጫፍ ገብቶበታል።

«አላየውም፤» አለ እሱ በሐዘን። «ካሜራው አላየውም።»

«ካሜራ እንዲህ ነው። ብርሃኑ ቀለም ሲኖረው ስህተት ይመስለውና ሊያርም ይታገላል።»

«እንግዲያው አንቺ አስታውሺልኝ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እባክሽ። ያየነውን መልሺልኝ።»

ሲወርዱ ከኮረብታው ግርጌ ቆም ብሎ ሌላም ነገር ሊል አፉን ከፈተ። መኪናው ውስጥ ያሉትን ጋሼን ሳል ያዛቸው። ያልተባለው ነገር እዚያው ሣሩ ላይ ቀረ፤ ግን እሷ ቤቷ እስክትገባ ድረስ አብሯት ተጓዘ።

*

በሳምንቱ መሐንዲሱ ድልድይ ወደሚሠራበት ሩቅ ከተማ ሄደ። ፎቶውን ትቶላት ነበር የሄደው። እሷም ማታ ማታ ሠራችው።

ሠራችው ስል ሁለት ነገር አደረገች። አንዱን ነግሬያችኋለሁ፤ ቀለሙን። ሁለተኛው ሻርፑ ነው። ከፎቶ ጥግ የገባ እጅ፣ ገመድ፣ ቅጠል ይጸዳል፤ የሙያው ልማድ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ልማዱ ብቻ አልነበረም። ፎቶው አንድ ቀን የእነዚያ ሰዎች ሳሎን ውስጥ ይሰቀል ይሆናል። የእናቷ የሹራብ ቁራጭ፣ ከትርፍራፊ ክር የተሠራ፣ ከሶፋቸው በላይ ተንጠልጥሎ ታያትና አፈረች። ሻርፑን አጥፍታ በሣር ሸፈነችው። እንዲህ አድርጋ በገዛ እጇ ራሷን ከዚያ ጠዋት አወጣች።

«ያየነው ይኸውልህ፤» ብላ ላከችለት።

ሦስት ቀን አለፈ። ከዚያ አንዲት መልእክት መጣች።

«አየሁት። እንዲህ ነው ያየሽው?»

ማታ ነበር፤ ስክሪኗ ቢጫ ነበር። ፎቶውን ከፍታ ደግማ አየችው፤ ወርቅ ነው። የተደነቀ መሰላት። ልቧ እየዘለለ ጻፈችለት።

«አዎ። ልክ እንዲህ።»

«ገባኝ። አመሰግናለሁ።»

ከዚህ በኋላ አንድ ቃል አልመጣም። አንድ ሳምንት ጠበቀች፤ አንድ ወር ጠበቀች። እናቷ ክሩን እየፈተለች «ልጄ፣ ስልክ አፍጥጠው ስላዩት አይደውልም፤» አለቻት። እሷም ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ሰውየው ወደ ሰፈሩ፣ ወደ እኩዮቹ ተመልሷል፤ የኮረብታው ነገር የኮረብታ ላይ ነገር ነበር፤ አለች።

አሁን እዚህ ላይ «ምናለ ደውላ ብትጠይቀው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እስቲ ሰው ወድዳችሁ ኩራት ያልያዛችሁ እጃችሁን አውጡ። እሱም አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ሁለት ሰው ሁለት ከተማ ሆኖ አንድ ዓይነት ትራስ ያረጥባል፤ አንዱ ስልክ ቢያነሣ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ትናንት ደግሞ እናቱ ከፎቅ ወረዱ። እትዬ ሲገቡ ሁሉም ሰው ይነሣል፤ ሳያስቡት ነው የሚነሡት። ፎቶው ያለባትን ፍላሽ ለጋሼ ሰጧቸው።

«የልጄ ፎቶ ነው። ለሳሎን ትልቅ አድርጋችሁ አትሙልኝ፤ ፍሬም ውስጥ አስገቡት። ምንም እንዳትነኩት ብሏል። ከድልድዩ ሥራ ተመልሶ ሰኞ ሊሄድብኝ ነው፤ ባሕር ማዶ፣ አጎቱ ዘንድ። የሦስት ዓመት ውል ነው።» ትንሽ ተነፈሱ። «እኔም ፎቶውን ወድጄዋለሁ። ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ዛሬ ዛሬ ፎቶ አንሺው ሁሉ ሰማይ ያቀላል፤ ያጠቁራል። ሰማይ ሰማያዊ ካልሆነ ስሙን ማን አወጣለት?»

ጋሼ ሳቁ። ዓይናማ አልሳቀችም። ሰኞ የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ቀርቷል። እትዬም ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ አይደል ያን ቀን አብረሽው የወጣሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ጎበዝ ልጅ ነሽ ይሉኛል።» ጓንታቸውን ጣት በጣት ሳቡ። «ልጄ ከልጅነቱ ደግ ነው። ሰው ደግነቱ ሌላ ነገር እየመሰለው ነው የሚቸገረው። ነገ ከሰዓት አብረን መጥተን እናየዋለን።»

ሲወጡ የሽቷቸው ሽታ ቀረ። ልጅቷ ምንም እንዳልተባለ ሰው ወደ ጉርድ ፎቶዎቿ ተመለሰች፤ ያን ቀን የሠራችው ሰው ሁሉ ግን ያዘነ መስሎ ወጣ።

*

ታዲያ ዛሬ ጠዋት፣ ወረቀቱ በእጇ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። «እንዲህ ነው ያየሽው?» ማለቱ አድናቆት አልነበረም፤ ልመና ነበር። እሷም «ልክ እንዲህ» ብላ መለሰችለት። ቀዝቃዛ ሐይቅ፣ ሻርፑ የጠፋበት ኮረብታ ልካ፣ ልክ እንዲህ አለችው።

ለጋሼ ነገረቻቸው። ሁሉንም አይደለም፤ የስክሪኑንና የሻርፑን ብቻ። ሌላውን እሳቸው ከድምፅዋ ሰሙት። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ያንቺ ግን የዓይን ነው። የዓይን ወለምታ ይታሻል።» ወደ ወንበሩ ገፋ አደረጓት። «በይ ተቀመጪ። እስከ ከሰዓት ጊዜ አለሽ። ጉርዱን እኔ እሠራለሁ፤ ሰው ጆሮው ትልቅ ሆኖ ቢወጣ ራሱ ይቻለው።»

ዓይን ማሳረፊያውን አጠፋችው። ያልተነካውን የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈተች። አመድ ነው። ቢጫ ጨመረች፤ የሸክላ ምድጃ መሰለ። ቀነሰች፤ ቀይ አከለች፤ ሠርግ ቤት መሰለ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። የሆነ ነገር እየደረሰ ይመለሳል። የፈራችውም ይህንን ነው፤ የተሳሳተውን ፎቶ ብዙ ማታ ስታየው ከርማ ትዝታዋም በእሱ ተቀብቷል። ዓይኗን ጨፍና ያን ጠዋት ስትፈልግ የሚመጣላት ኮረብታው ሳይሆን ስክሪኑ ነው። መብራቱን የምታውቅ ሴት ብርሃኑን አጣችው።

እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። ፎቶው ጥግ ላይ ሻርፑ አለ፤ በዚህኛው አልጠፋም። ወንበሯ መደገፊያ ላይ ደግሞ ራሱ ሻርፑ ተንጠልጥሏል። አነሣችውና ወደ በሩ ወሰደችው፤ ቀን ብርሃን ላይ ዘረጋችው። አመድማ ነው። እናቷ ሌላ ቀለም ሲያልቅባት በቀረው ክር የሠራችው አመድማ ሻርፕ ነው፤ ምንም የለውም።

ያኔ ድምፁ መጣ። ምን ብሏት ነበር የሳቀችው?

«ሻርፕሽን እዪው! አመድ አልነበር እንዴ? ኮክ ሆነ እኮ!»

ኮክ። የበሰለ ኮክ፣ ጉንጩ ላይ ትንሽ ቀላ ያለው። በአመድማ ክር ላይ ያን ቀለም ያመጣ ብርሃን አንድ ብቻ ነው፤ ሻርፑን ኮክ ካደረገችው ሐይቁ የትም አያመልጣትም።

ሮጣ ተመለሰች። ሌላውን ሁሉ ተወችው። ሐይቁን አላየችም፤ ሰማዩን አላየችም። ጥጉ ላይ ያለችውን የጨርቅ ጫፍ ብቻ እያየች ቀለሙን በትንሽ በትንሹ አንቀሳቀሰች። ትንሽ ሞቀ። ትንሽ ቀላ። አለፈ፤ መለሰችው። ከዚያ ክሩ ኮክ መሰለ።

ቀና ብላ ሙሉውን ፎቶ አየች። ጭጋጉ ከውስጥ በርቷል። ሣሩ ነቅቷል። ውኃው ገና ሳይታይ እንዳለ ይታወቃል። ድንጋዩ ላይ የተኛው ብርሃን እጇ ጀርባ ላይ ተኝቶ የነበረው ነው። እዚያ ነበረች፤ አጠገቧ ሰው ቆሞ ነበር፤ ሊናገር ነበር። እንባዋ ያኔ መጣ። ጠዋት እምቢ ያለው ሁሉ መጣ።

ጋሼ ከጀርባዋ መጥተው ቆሙ። ብዙ ጊዜ ቆሙ። ቀልድ ይጀምራሉ ብላ ጠበቀች።

«እንዲህ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

ራሷን ነቀነቀች።

«ወይ ጉልበቴ፤» አሉ ጋሼ። «ዛሬ ገና ቆጨኝ።»

*

ከሰዓት በኋላ የመስታወቱ በር ተከፈተ። እትዬ ገቡ፤ ከኋላቸው መሐንዲሱ። ከስቷል። ፀሐይ ፊቱን አጥቁሮታል። ሰላም ሲላት ጫማውን እያየ ነው፤ እሷም ስትመልስ ጠረጴዛውን እያየች ነው። አንድ ዓመት በመስታወት ሲተያዩ የኖሩ ሰዎች መስታወቱ ሲነሣ መተያየት አቃታቸው።

ጋሼ የታዘዘውን ሰማያዊውን ፎቶ ዘረጉት።

«እንዴት ያምራል!» አሉ እትዬ። «አየህ፣ ሰማዩ እንደ ተወለወለ ነው።»

«ጥሩ ነው፤» አለ እሱ። አንዴ ብቻ አየውና ዓይኑን አሸሸ። «እንዲሁ ይሁን። ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።» ወደ በሩ ዞረ።

«ይቅርታ፣ እትዬ፤» አለች ልጅቷ። ድምፅዋን ራሷ አላወቀችውም። «ይህ ስህተት ነው። የእኔ ስህተት ነው። ትክክለኛው ይኼኛው ነው።»

ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አጠገብ ዘረጋችው።

መሐንዲሱ ዞሮ አየው። አንድ እርምጃ ቀረበ፤ ከዚያ ሌላ። ሰማዩን አላየም፤ ሐይቁን አላየም። ጣቱ ቀጥታ ወደ ግራ ጥጉ ሄደ።

«ሻርፑ፤» አለ።

«አጥፍቼው ነበር።»

«ለምን?»

«ከጥግ የገባ ነገር ይጸዳል። ሙያው እንዲህ ነው።»

«ሙያው ነው?»

ልትዋሽ ፈለገች፤ ጉልበት አጣች። «አይደለም። እናንተ ሳሎን የእናቴን ሹራብ ማን ያየዋል ብዬ ነው።»

«እኔ!» አለ፤ ጋሼ መቀሱን አስቀመጡ። «እኔ አየዋለሁ! ፎቶው ሲደርሰኝ መጀመሪያ የፈለግኩት እሱን ነው። የለም። ራሷን አውጥታ ላከችልኝ አልኩ። ቀጥሎ ብርሃኑን አየሁ፤ በረዶ። አላመንኩም። ጠየቅኩሽ፤ ልክ እንዲህ አልሽኝ። በቃ፤ ለእሷ ብርድ ነበር፤ የሞቀኝ እኔን ብቻ ነው አልኩ። እማዬ ለግድግዳዋ አንድ ፎቶ ስጠኝ ስትለኝ ይህን የሰጠኋት፣ ቆይቼ ስመለስ እንኳ ግድግዳው እንዳትታለል እንዲለኝ ነው።»

«ስክሪኑ ነው፤» አለች እያለቀሰች።

«ምኑ?»

«ዓይኔን ሲያመኝ ስክሪኑን ቢጫ አድርጌው ረሳሁት። እኔ ያየሁት ወርቅ ነበር። የላክሁልህም ወርቅ መስሎኝ ነው። ማታ ማታ እያየሁት...» የወረቀቱን ጠርዝ ያዘች። «ማታ ማታ እያየሁት አንተን ነበር የምጠብቀው።»

መሐንዲሱ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣ። «ስክሪን? አንድ ስክሪን ባሕር ሊያሻግረኝ?»

እትዬ እስካሁን አንዴ ወደ ልጃቸው፣ አንዴ ወደ ልጅቷ ሲመለከቱ ቆይተዋል። ሞኝ አይደሉም። ሁሉንም ገብቷቸዋል፤ ያልገባቸው ለመምሰል ግን አንድ የመጨረሻ ሙከራ አደረጉ።

«እኔ የምትሉት አይገባኝም። ይሄኛው ሰማይ ሰማያዊ አይደለም። ይሄ ጨርቅስ ምንድነው? ቢያንስ ጨርቁ ይጥፋልኝ።»

«እማዬ፤» አለ ቀስ ብሎ፣ በእውነተኛ አክብሮት። «ጨርቁ ከጠፋ ፎቶውም ይቅር።»

እትዬ ልጃቸውን አዩት። ይህን ድምፅ ከእሱ ሰምተው አያውቁም፤ ከአባቱ ግን ያውቁታል።

መሐንዲሱ ወደ ልጅቷ ዞረ። አሁን ጫማውን አላየም።

«እንዲህ ነው ያየሽው?»

ሁለት ወር ሙሉ ሁለቱንም ያስለቀሰች ያችው ጥያቄ ናት። አንድ ፊደል አልተለወጠችም።

«አዎ፤» አለች። «ልክ እንዲህ።»

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እንደ ኮረብታው ግርጌ ያለ ሳል አልነበረም፤ ይኼኛው ሆን ተብሎ የመጣ ነው።

«እንግዲህ እትዬ፣ ፍሬሙ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ጥሩ እንጨት በጥድፊያ አይሆንም። ሲያልቅ ለማን እናስረክብ?»

«ለሾፌሩ፤» አሉ እትዬ ሳያስቡት። «ሾፌሩ መጥቶ...»

«እኔ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ፤» አለ መሐንዲሱ።

እትዬ «ሰኞ» ሊሉ ነበር፤ ከንፈራቸው ቃሉን ጀምሮ ተወው። ወደ ኋላ ሄደው ጉርድ ፎቶ የሚነሣ ሰው የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። እዚያች በርጩማ ላይ ሰው ሁሉ ትንሽ ይመስላል፤ እሳቸውም አንዲት ልጇ የሚሄድባት እናት መሰሉ። ጓንታቸውን አወለቁ። ኮክ የመሰለችውን ጥግ ከሩቅ ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሻርፑን ማን ሠራው?» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

«እናቴ ናት፣ እትዬ።»

«አሠራሩ ጠንካራ ነው፤» አሉ። ቃሉ በግድ የወጣ ነው። ግን ወጣ።

ልጅቷ ሻርፑን ከወንበሩ ላይ አንሥታ አንገቷ ላይ አደረገችው፤ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት እንጂ በርዷት አይደለም። በፎቶ ቤቱ ነጭ አምፖል ሥር አመድማ ነው። መሐንዲሱ ግን ያን ጠዋት ዘወር ብሎ ያያት ዓይነት አያት፤ እሷም ዓይኗን አላሸሸችም። እንባዋ እየወረደ ነው፤ ልትጠርገው አልሞከረችም።

«ዓይናማ፣ ዓይንሽ ዛሬም ያስቸግርሻል እንዴ?» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው።

«አይ ጋሼ፤» አለች፣ ከእሱ ላይ ሳትነቅለው። «ዛሬ በደንብ ነው የሚያየው።»